ቁጥር ሃያ ሰባት

ክሊፎርድ ሰባ አንድ ሞላው።
ማክሰኞ ግን ከገበያ ሲመለስ፣ ኮቱ ሆዱ ላይ አብጦ፣
በጓሮ በር ገባ እንደ ሌባ፣ የጫማውን ጭቃ ሳይጠርግ ሮጦ።
«ምንድን ነው?» አልኩት።
«ምንም» አለኝ።
ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣
ያቺን «ምንም» አጣኋት እንዴ ዛሬ?

ካርቶን ነው። ማዕዘኑ የተበላ፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፣
ሥዕሉ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ፣ ሰማዩ በእሳት የቀላ፣ የጠቆረ፣
ዋጋው በእርሳስ፣ በድሮው ሽልንግ፣ ከጥጉ ተጽፎ የቀረ።
«ራሱ ነው» አለ፣ «ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ስድስት ሳምንት ቆጥቤ የገዛሁት፤
በአንድ ከሰዓት ጨርሼ፣ በሙጫ ጣቴ ያበላሸሁት።»

ክዳኑን ሲያነሣው ሽታው ወጣ።
ፕላስቲክ ሽታ አለው እንዴ? አለው ለካ፤
ያረጀ ሳሙና የመሰለ፣ የተዘጋ መሳቢያ የነካ።
እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ማገው።
እኔን አስነጠሰኝ።

ከዚያ ወዲህ የምግብ ጠረጴዛው የኔ መሆኑ ቀረ፤
መቶ ምናምን ግራጫ ቁራጭ እንደ ዓሣ አጥንት ተደረደረ።
የመርከብ ሞተር ሲፈታ ያረጀ እጅ፣ መዶሻ የለመደ መዳፍ፣
አሁን በጥፍር ሞረድ ያለሰልሳል የአንዲት ክንፍ ጫፍ።
የአብራሪውን ፊት ይቀባል፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ራስ፣
በመነጽር ላይ መነጽር ጭኖ፣ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ።

ተለጣፊ ምልክቶቹ ግን እንደ ሻይ ቢጫ ሆነዋል።
«መድኃኒታቸው ፀሐይ ነው» ብሎ መስኮቱ ላይ በፕላስተር ለጠፋቸው።
ፀሐይ!
በግሪምስቢ! በመጋቢት!
ሦስት ሳምንት ጉሙ ከባሕር እየወጣ መስታወቱን ላሰው፣
ክሊፎርድም በየማለዳው መጋረጃ ገልጦ ሰማዩን ወቀሰው።
በአራተኛው፣ ዓርብ ቀን፣ ወጣች። እኔ ለልብሴ ስሮጥ፣
እሱ ለወረቀቱ፣ በር ላይ ተጋጨን፣ ሁለት ሽማግሌ እንደ አይጥ።

ጎረቤታችን ኦስዋልድ መጣ፣ ማስመሪያ ከኪሱ አወጣ፣
«አፍንጫው ሦስት ሚሊሜትር አጥሯል» አለ፣ ዳኛ ይመስል ተቆጣ።
«የዛሬ ፋብሪካ የሚሠራውን ግዛ፤ እውነተኛውን ቁርጥ ነው መልኩ።»
ክሊፎርድ ቀና አላለም። «እውነተኛውን መቼ አውቄው» አለ፣ «እኔ ይሄን ነው የማውቀው፣
ከነአፍንጫው።»

ከዚያ ቁጥር ሃያ ሰባት ጠፋ። የጅራቱ ጎማ፣ ከምስር የማይበልጥ።
ምንጣፍ አነሣን፣ የቫኪዩሙን ከረጢት ቀደድን፣ በባትሪ ወለሉን ስንገላልጥ
ውሻችንን ጠርጥረን ሁለት ቀን ተከተልናት፤ ምንም የለም።
በመጨረሻ ከጥርስ ብሩሼ እጀታ ቆርጦ ቀረጸልኝ፤
ሮዝ ነበር፣ በጥቁር ቀለም ደፈነልኝ።
ተቆጣሁ።
ግን ለእንግዳ ሁሉ አሳየዋለሁ፤
«ይሄ እኔ ነኝ» እላለሁ።

ሁሉ ሲያልቅ፣ ያንን እንደ ዕንባ የጠራ የአብራሪ ክዳን ሊገጥም፣
ሦስት ወር ያልተሳሳተ እጅ (አየሁት፣ አልተንቀጠቀጠም)
አውራ ጣቱን ሙጫ ነክሮ መሀሉ ላይ ተጫነው።
ጮኽኩ።
አሻራው ደመና ሆኖ ቀረ።
«እንዲህ ነበር» አለኝ፣ ልክ «እንዲህ ነበረ።»

ማታ ዕቃ ሳጥብ በመስኮት አየሁት፤
ቀኝ እጁን ሰማይ አድርሶ፣ ከልብስ ገመዱ ሥር ዝቅ ብሎ፣
ጎመኑን እየዞረ ይሮጣል፣ ያ የታመመ ጉልበቱ ችሎ።
መስታወቱ ድምፁን ዋጠው፤ ከንፈሩ ግን ይርገበገባል፣
አራቱን ሞተር ባንድ ትንፋሽ ለማስነሣት ይታገላል።

ቀስ ብዬ የወጥ ቤቱን መብራት አጠፋሁለት።
የደጁን ግን፣ ማረፊያው እንዳይጠፋበት፣
ተውኩለት።