ትርፍ

ጌንት ላይ ዝናብ። ጥቅምት። አራተኛው ፎቅ፣ ሰባት ወንበር፤
የአምስት ዓመቱ ዕቅድ እየተነበበ ይመከርበት ነበር።
ሊቨን አነበበ፦ “ትርፋችን በሦስት ዓመት እጥፍ ያድጋል፤
ከማታው ፈረቃ ሰማንያ ሰው ትርፍ ሆኖ ተገኝቷል።”

እሱስ በገዛ ቋንቋው ሁለት ቃል ነው የተናገረው፤
በእኔ ሆድ ሲተረጎም ግን አንድ ነው፣ ትርፍ ነው።

“ማኅበራዊ ኃላፊነት” ገጽ አርባ አንድ ላይ አለ፣
ከነፎቶው፦ ሳቂታ ሕፃን ችግኝ እየተከለ።
አሮጊቷ ሁደለ ብቻ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ “ስማቸው የታለ?”
“አባሪው ላይ” አሏት። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። አባሪ የለ።

እጆች ወጡ። ጸደቀ። ለእኔ እጅ ብዕር እንጂ ድምፅ አልተሰጠም፤
ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አሰፈርኩ፦
“አባሪ አንድ፣ የስም ዝርዝር። አልተያያዘም።”