የጉዳት መዝገብ

ደብተሬ ሁለት ዓምድ፦ በግራ ሟቹ በግ፣
በቀኙ ገዳዩ፤ እንዲህ ይላል ሕግ።
ከሁለቱ መሐል፣ በቀጭኑ መስመር፣
ቦታ አልተወለትም፣ ለባለቤት ነገር።

ከሙርጋብ ሽቅብ ነው፣ ዛፍ የሌለው ደጋ፣
በረዶ የሚወርድ መስከረም ሳይነጋ።
ሣሩ ከጣት አያልፍ፤ እሱንም በሽሚያ
በግ ይግጠዋል ወዲህ፣ የዱር በጉም ወዲያ።
ቴረስከን ይሉታል፣ አጭር ነው ቁጥቋጦ፤
እኛ ለእሳት ነቅለን፣ አርጋሊውም ግጦ፣
ኮረብታው ቀረ አሉ ራሱን እንደተላጨ፤
ያውሬውና የሰው ድንበሩ ተቋጨ።

ባምናው ስብሰባ ላይ ሰው ተማክሮ ሁሉ፣
የላይኛው ሸለቆ ለአርጋሊ ይቅር አሉ።
አጥርም በርም የለው፤ ድንበሩ ቃል ነው፤
በግም አልፈረመ፣ ነብሩም አልሰማው።

ኡልጃን፣ ባሏን ያጣች ዘንድሮ ሦስት ዓመት፣
ሠላሳ አንድ በግ ነው የነበራት ሀብት።
የድንጋይ በረቷ ጣራ እንኳ የለው፤
«ሽቦ እናለብሰዋለን» ብዬ ነበር እኔው፣
አምና በመኸሩ፣ ሻይዋን እየጠጣሁ፤
ፊርማዋን ተቀብዬ፣ «በቅርቡ» እያልኩ ወጣሁ።
ሽቦው መጋዘን ነው፣ መኪና ተሰብሮ፤
ቃሌ እሷ ጋ አለ፣ ማጀት ተሰንቅሮ።

በየካቲት ሌሊት፣ ውሻው አላዝኖ፣
ፋኖስ ይዛ ወጣች፣ ጉልበቷ በድኖ።
አሥራ ዘጠኙ በግ ወድቋል ባንድ ላይ፤
ከመካከላቸው፣ ጠግቦ፣ አፉ ቀይ፣
ተኝቶ አገኘችው፣ ያን የበረዶ ነብር፤
ጅራቱን ተከናንቦ፣ ጆሮው ሸራፋ ነበር።
መዝለል አልቻለም፣ ሆዱ ከብዶበት፤
የበላበት ጉድጓድ ሆነበት እስር ቤት።

ሳቲባልዲ መጣ፣ ጠመንጃ አንግቦ፤
መንደሩም ተነሣ፣ በረቱን ከብቦ።
«አንድ ጥይት ይበቃል፤ ቆዳው ብቻ ቢሸጥ፣
ካሥራ ዘጠኙ በግ ዋጋው ነው የሚበልጥ።»
ውሸቱን አልነበር። እኔ ያን ጊዜ ደረስኩ፤
መዝገቤን ታቅፌ እበሩ ላይ ቆምኩ።
ስለ ሕጉ ላወራ አፌን ስከፍት ገና፣
«ሽቦውስ?» አለችኝ።
መልስ አጣሁለትና
አቀረቀርኩ።

ብዙ ቆየች። ከዚያ ጠመንጃውን አየች፤
ከዚያም እኔን አየች፤ «አንተ ግባ» አለች።
«ባሌ ስድስት ገድሎ ቆዳ ሸጦ ነበር፤
አንዱም በግ አልሆነ፤ አንዱም አልሆነ አጥር።
ግባና በሩን ክፈት። እኔ አላዝንለትም፤
ደግሞ ሌላው ይመጣል፤ ሽቦህ ግን አይመጣም።»

ገባሁ። የደም ሽታ፣ የበግ ጠጕር ሙቀት።
እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ አልሸሽግም እውነት።
መዝጊያውን ከፈትኩት፤ ዓይኑ አረፈ እኔ ላይ፤
ጥላቻም፣ ምስጋናም የለበትም ሲያይ።
ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ተንጠራራ እንደ ድመት፤
ሄደ፤ በረዶው ላይ ቀረ የእግሩ ምልክት።

ሳቲባልዲ ተፋ። ሰው በየቤቱ ገባ።
ኡልጃን ቢላ አመጣች፤ ያለ አንዲት ጠብ እንባ፣
እሷ ገፈፈች፣ እኔ እግር ያዝኩ፣ እስኪጠባ።

ካሳ የተባለው አራት በግ ገዛላት፤
የአሥራ አምስቱን ነገር ማንም አልጠየቃት።
በሦስተኛው ቀን ሽቦውን በያክ ጭኜ መጣሁ፤
ጣራውን ስወጥር መዳፌን አደማሁ።
ለዚህ ዓምድ የለውም ደብተሬ። ቢኖረው፣
ከገዳዩ ጎን ነው ስሜን የምጽፈው።

ሰኔ ላይ ካሜራዬን ከገደል አወረድኩ፤
ጆሮ ሸራፋው ነው፤ ለኡልጃን ወሰድኩ።
መነጽር ፈልጋ፣ ፎቶውን አስጠግታ፣
ሆዱን በጣቷ ጫፍ ለክታ፣ ቆይታ፣
ሳትስቅ ነገረችኝ፦ «ወፍረዋል፤ አየህልኝ?
በጎቼ ናቸው እኮ፤ ተራራ ወጡልኝ።»

ወዲያው፦ «ሽቦው ላልቷል፣ በምሥራቁ በኩል፤
ዛሬ አጥብቀው እንጂ፤ ‹በቅርቡ› አይባል።»