ጦሳ ላይ ሦስት ሌሊት

"ጉዞ ነው" ሲሉን፣ ሩቅ ነበር የመሰለን፤
አውቶቡሱ ወስዶ ጦሳ ላይ ጣለን።
ስምንተኛ "ለ" ክፍል፣ አርባ አንድ ልጅ፣ ሦስት መምህር፣
ከነድስቱ፣ ከነፍራሹ፣ ከነብርድ ልብሱ ክምር።
ከሆጤ ተነስተን አንድ ሰዓት ሳይሞላ
"ውረዱ!" ተባለ፤ የነፋሱ ዱላ
ጆሯችንን መታው። ትርንጎ አለቀሰች፤
"ይሄማ የኛው ጓሮ ነው" ብላ ተናደደች።

እውነቷን ነው። ቁልቁል፣ ደሴ እግራችን ስር ናት፤
የመናፈሻ ዛፍ፣ የፒያሳ ጣሪያ፣ የባጃጅ ጩኸት።
ሰይድ የአባቱን ሱቅ በጣቱ ያሳያል፤
"ያውና ሸራው!" ይላል፤
ሸራው ሁሉ ሰማያዊ፣ ማን ከማን ይለያል?

በማግስቱ ገመድ። አሰልጣኝ አህመዲን
ፊሽካውን ነፍቶ በገደሉ አፋፍ አሰለፈን።
"ማንም አይወድቅም፤ ቋጠሮውን እመኑት፤
ከቋጠሮው በፊት ግን የሚይዛችሁን እወቁት።"

እኔን የያዘችኝ ሰዓዳ ነበረች፣
ግድግዳ ተጋርተን ድምጿን ያላሰማች፣
ስሟ ሲጠራ እንኳ እጇን ብቻ የምታወጣ፤
እኔም አልመረጥኳት፤ ዕጣዬ ነው የወጣ።

ግማሹን ወርጄ እግሬ ከዳኝ፤ ቆምኩኝ፤
ቋጥኙን አቅፌ ዓይኔን ጨፈንኩኝ።
ከላይ ሳቅ ወረደ፤ ስምም አብሮ ወጣልኝ፣
"ጭላዳ!" አሉኝ፤ (እስከ ዛሬም ቀረልኝ)።
ከሳቁ መሃል ግን አንድ ድምፅ፣ የማላውቀው፣
"ይዤሃለሁ" አለኝ፤ "ቀኝ እግርህን ዝቅ አድርገው።
ቀስ በል። እኔ አልቸኮልኩም።"

ስመለስ መዳፏን አየሁት፤ ቀይ ሰንበር
ገመዱ ጽፎበት። እሷም ዝም፣ እኔም ዝም ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት፣ እሳቱ ፍም ሲሆን፣
ታች መብራቱን እያየን ቤት ፍለጋ ያዝን፤
"የኛ ያ ነው!" "ያኛው ነው!" ስንል፣ ስንሻማ፣
ድንገት መብራት ጠፋ። ጠፋች ከተማ።
ሆጤም፣ ሰኞ ገበያም፣ ቧንቧ ውሃም የሉ፤
አርባ አንድ ልጆች አንድ ላይ ዝም አሉ።
ትርንጎ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ
"ቅርብ አልነበረም ወይ?" አለች፣ ሆዷ ባባ።

ያኔ ከጥቁሩ ውስጥ፣ ከወደ ሰኞ ገበያ፣
አንድ ባትሪ በራ፤ ጠፋ፤ በራ ደግሞ እዚያ።
"እናቴ ናት!" አለ ሰይድ። "አባቴ ነው!" አለ ይመር።
"የለም፣ የኛ ደጅ ነው፤ ያውላችሁ የኛ አጥር!"
ሁሉም ወሰደችው፣ ሁሉም ወሰዳት፣
ያቺን አንዲት ባትሪ፣ የማን እንደሆነች ሳያውቃት።

እኔም "የኛ ነው" አልኩ። እናቴ ያን ሌሊት
ሆስፒታል ተረኛ ናት፤
ቤታችን ዝግ ነው፤ ሰው የለም ከውስጡ፤
አንዱ ቁልፍ እሷ ጋር፤ ሌላው ከኪሴ ውስጥ፣ በላብ እየራሰ ጥርሱ።
ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ "የኛ ነው!" አልኳቸው።
ማንም አልጠየቀኝ፤ ሁሉም የየራሳቸው።

ሰዓዳ ዞር ብላ አየችኝ። ታውቃለች።
መዳፏን ከፍሙ ላይ ሳታነሳ፣ በቀስታ፣
"አዎ፣ የነሱ ነው" አለች።