ተራ ቁጥር መቶ አሥራ ስምንት

ሌሊት ሰባት ሰዓት፤ ፑኖ ከነሐይቋ አንቀላፍታለች፣
የተረኞች ክፍል ምድጃዋ እንኳን ከጠፋች ቆይታለች።
እኔ ግን ኮቴን ደርቤ ከሰንጠረዥ ጋር እጣላለሁ፣
ሁለት መቶ አሥራ አራት ሕፃን በየረድፋቸው አስተኛለሁ።

ስም እዚህ አይገባም፤ ክልክል ነው።
አንቺም ስም ነበረሽ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤
መጽሔቱ ፊት ግን
መቶ አሥራ ስምንት ብዬ እጠራሻለሁ።

ጥያቄዬ ቀላል ናት፦
በባሕር ጠረፍ የተጻፈው መጽሐፍ
የጤነኛ ልጅ ደም ከመቶ ዘጠና አምስት ኦክስጅን ይይዛል ይላል፤
የእኛ ልጅ ግን ደመና አጠገብ ተወልዶ
ሰማንያ ስምንት ይዞ፣ ጡት እየሳበ፣ እየወፈረ ያድጋል።
እንግዲያ በሽታው ከየትኛው ቁጥር ይጀምራል?

ለዚች ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ
ጣት በምታህል እግር ላይ ቀይ መብራት ታሰረ።
ያሰረችው ኤውሎሂያ ናት፣ ነርሷ፤
መጀመሪያ መዳፏን በትንፋሿ አሙቃ፣
በየስድስት ሰዓቱ፣ በዓል ነው ሳትል፣ ደከመኝ ሳትል።
ዶክተር ሬቦዬዶ «ምስጋናው ላይ ትግባ» አለኝ፣
«የአጥኚ ዝርዝር ውስጥ ነርስ ምን ትሠራለች?» አለኝ።
አልመለስኩለትም። ሦስተኛ ላይ እሷን ጻፍኩ፣
አራተኛ ላይ እሱን።
ይጩህ እንግዲህ፤ ጩኸትም ይነጋለታል።

መመሪያው ረጅም ነው፦ መስመሩ ይራራቅ፣
ሰንጠረዥ ከአራት አይብለጥ፣ ዋቢ ከሠላሳ አይለፍ፣
አኅጽሮቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ቃል፤ ከዚያ ያለፈ ይቆረጣል።
ሦስት መቶ ሰባት ነበረኝ።
«እጅግ» ወጣ፣ «ምናልባት» ወጣ፣
«በሚያሳዝን ሁኔታ» እሱም ወጣ።
ቃል ስቀንስ አመሸሁ፣ ቃል ስቀንስ ነጋብኝ፤
እናትሽ ሳቱርኒና በር ላይ ቆማ
ከአፌ የተቀበለችው ቃል ግን
ከየትኛው ቆጠራ ይገባል?

ሰባ ዘጠኝ ነበርሽ በመጀመሪያው ልኬት።
«ሁለተኛው ነገ ነው» አልኳት።
«ጀልባው ዛሬ ነው» አለችኝ።
ለውርጭ የተሰጣ ድንች አላት፣ ደጅ ያደሩ በጎች አሏት፣
ከአንቺ በፊት የመጡ ሦስት አፎች አሏት።
«እደውላለሁ፣ አገኝሻለሁ፣ ቃሌ ነው» አልኳት።
የሰጠችኝ ስልክ አንድ ቀን እንኳ አልጠራም።

ስለዚህ ወጣሽ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ቀሩ።
በቦታሽ ትንሽ ኮከብ አኖርኩ፣
ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል፦
«አንዲት ሕፃን፤ ሁለተኛ ልኬት የላትም፤ አልተቆጠረችም።»

ወፍ ሲንጫጫ «ላክ» የምትለዋን ነካሁ።
መብራት ሄደ። መጣ። እንደገና ነካሁ።
መልሱ ከዐይን ጥቅሻ ፈጠነ፦
ውድ ጸሐፊ፣ ጽሑፍዎ ደርሶናል፣
ቁጥሩ ይኸው፤ ወደፊት በዚሁ ይጠራል።
ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ተራዬ ደርሶ
ስሜን ገፈው ቁጥር ሰጡኝ፣
እንደ እናትሽ በር ላይ አቁመው
«ይደወልልሻል» አሉኝ።

አራት ወር ሆነ።
ስሙን የማላውቀው ሁለተኛው ገምጋሚ
ስለ ስሌቱ፣ ስለ ናሙናው፣ ስለ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር
ሰባት ገጽ ወቀሰኝ። መጨረሻው ላይ፣
እንደ ዘበት፣ አንድ መስመር፦
«ኮከቧስ ምን ሆነች?»

ከእንግዲህ ብለካሽ ለጽሑፉ አትጠቅሚም፣
ጊዜው አልፏል፤ ሰንጠረዡ ተዘግቷል።
ኤውሎሂያ ግን መለኪያዋን በካልሲ ጠቅልላ
ትርፍ ባትሪ በኪሷ ይዛ
ቅዳሜ ማለዳ ከእኔ ቀድማ ወደብ ላይ ቆማለች።

ጀልባው ሞተሩን አስነሳ። ሐይቁ ግራጫ ነው።
እኔ ስምሽን በከንፈሬ እደጋግማለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ፤
እዚያ ማዶ፣ ደጃፋችሁ ደርሼ
በቁጥር ብጣራ
ማንም አይወጣልኝም።