ቀኝ የገባው

ሥራዬ ምላጭ መሳል ነው፤ ራሄ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ከብረት ፋብሪካው ጀርባ፣ ከሆኪው አዳራሽ ሥር፣
ሃያ ሦስት ክረምት ሙሉ በዚች ጠባብ ክፍል፣
ድንጋዩ ሲሽከረከር፣ ብልጭታው ደረቴ ላይ ሲዘል።
ሰው በአፉ ያወራል፤ እኔ የማምነው ጫማውን፣
የቱ ጠርዝ እንዳለቀ፣ በየት እንዳዞረ ጎኑን።

ቱሬ ማንኪያ ሲይዝ ቀኝ ነው፣ ዱላ ሲይዝ ግራኝ፤
እናቱ "ከማን አመጣው?" ብላ አንዴ ጠየቀችኝ።
ከልጅነቱ ጀምሮ ቦታው ግራ ክንፍ ነበር፤
አጥሩ ለዱላው ግድግዳ፣ ዱላው ለአጥሩ ማገር።

ኅዳር ላይ የአልፖ ጉልበት ጅማቱ ተበጠሰ።
አሰልጣኟ ሄይኪላ ሰሌዳው ፊት ቆመች፣
ማግኔቶቹን አየች፣
የቱሬን ስም አነሣች፤
ወደ ቀኝ አሻገረች።
"እዚህ ቁም" አለችው። ሌላ አልተናገረች።

በቀኝ አውለኝ ብሎ የጸለየ ሰው ቢኖር፣
እንዲህ ያለውን ቀኝ መቼ አስቦ ነበር?

ያን ሰሞን ሁሉ ነገር ጀርባውን ሰጠው።
አጥሩን ታካ ስትመጣ ፓኳ ሽው ብላ
ከዱላው ሆድ አትገባም፣ ከጀርባው ተጋጭታ
ትሾልካለች ለባላጋራ፣ ሳሙና ይመስል።
ሊቀበላት ቢዞር ፊቱ ከአጥሩ ገጠመ፤
ጀርባው ለመጣ ሁሉ ክፍት ሆኖ ከረመ።
"ዓይንህ የት ነው?" ይሉታል ከላይ ከመቀመጫው፤
ዓይኑስ ነበረ፣ ጠፍቶት የነበር መዞሪያው።
ግራ ገባው ይባላል፣ መላ ላጣ ለባከነ፤
የኛን ልጅ የገባው ግን ቀኝ ሆነ።

ከኬሚ ልጆች ጋር በገጠሙ ማታ፣
ሁለት ደቂቃ ሲቀር፣ እኩል ሳሉ፣ ላንዳፍታ
በራሱ ግብ ዙሪያ አጥሩን ታካ መጣች፤
በዱላው ጀርባ ገፋት፤ ሦስት ክንድ ሳትሄድ ቆመች።
የቀረውን መረቡ ያውቃል።

በማግስቱ ጫማውን ይዞ መጣ፣ ዝም እንዳለ።
አገላብጬ አየሁት። የቀኙ ውስጠኛ ጠርዝ
ለዓመታት ሳይነካ የኖረው፣
እስከ ግማሹ ተበልቷል።
"ወደ መሀል መቁረጥ ጀመርክ?" አልኩት።
"ማን ነገረህ?" አለኝ።
ምላጩን ወደ መብራቱ አነሣሁለት። እኔ አይደለሁም የነገርኩት።

ጥር ላይ፣ ባሕሩ ድንጋይ ሆኖ መኪና ሲያሻግር፣
ከበረዶው ጋር በምትተካከል መስኮቴ ሥር
ቁጭ ብዬ አየሁት።
ከቀኝ መስመር ተነሣ፣ ወደ መሀል ታጠፈ፤
ተከላካዩ አጥሩን ሊዘጋ ሲሮጥ በውስጥ አለፈ፤
ያ ጀርባ ብቻ የነበረ ዱላ ሆዱን ገለጠ፤
ግቡ፣ ከቋሚ እስከ ቋሚ፣ እንደ ሜዳ ተዘረጋ፤
ከግራ የተላከችለትን ሳያቆም፣ ሳያረጋ
መታት።

ቋሚውን መታች። ጭው አለ አዳራሹ።
ከተማችን ብረት ናት፤ ብረት ሲጮህ እናውቃለን፤
ያ ድምፅ ግን በር የሚያንኳኳ እንግዳ መሰለን።

ከዚያ ወዲህ አግብቷል። ስቷልም። ቁጥሩን አልያዝኩም።
አጥሩ ሥር ያለው ጣጣ ግን ዛሬም አልለቀቀውም።

መጋቢት ላይ አልፖ መጣ፣ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ፤
ማግኔቱም ወደ ነበረበት ተመለሰ ቶሎ።
ቱሬም ወደ ግራው፣ ወደ ገዛ ቤቱ ገባ፤
ገብቶ ግን በጨለማ ማብሪያውን ፍለጋ ዳባ።
ፓኳ እንደ ድሮዋ ከዱላው ሆድ ትገጥማለች፤
አጥሩ ግን ተጠግቶታል። መሀሉ ርቆታል።
በረዶውን ተሻግሮ ዓይኑ ማዶ ማዶ ያያል፣
ጎረቤት ቤት የረሳው ዕቃ እንዳለው ሰው።

ቀኝ ገብቶታል።

ትናንት ጫማውን ተቀበልኩ። ሁለቱም ጠርዝ እኩል አልቋል፤
የማን እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ማንበብ ነበረብኝ።
ስዬ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ መደርደሪያው ላይ ሳኖረው፣
እጄ ረስቶ፣ በቀኝ ክንፎቹ ረድፍ አስቀመጠው።
አላነሣሁትም።