ያመጣው ሰው ስም

ከለገሃሬ ሳቢያን፣ ባጃጅ በኮንትራት፤
ሌላ ቀን ቢሆን በዋጋው እሟገት ነበር፤ ዛሬ ዝም አልኩት።
ሙክታር በመስታወቱ አየኝ፦ "አቦ፣ ማንን ልትጠይቅ ነው?" አለ፤
"አንድ የማውቀው ሰው ታሟል" አልኩት፤ ውሸቱ ከእውነቱ ቀለለ።

ገና ሦስት ሰዓት፤ አስፋልቱ ከጎማው ጋር መጣበቅ ጀምሯል፤
ኒሙ ጥላ ሥር፣ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ የድሮ ደንበኛዬ ተቀምጧል፤
ስሜን ጠራ። እንዳልሰማ ቀና ብዬ ሰማይ አየሁ፤
በደቻቱ በኩል ደመና የለም፤ ግን ያን ሰማይ አላምነውም፣ አውቀዋለሁ፤
ከተማው ፀሐይ እየሞቀ፣ ደንገጎ ላይ ይዘንባል፤
ጎርፉ በሌሊት፣ ማንንም ሳያስጠነቅቅ፣ በአሸዋው ላይ ይገባል።

እናቴ ጠዋት ጠዋት "ይመርቅህ" ስትል፣ አሜን እላት ነበር፤
እሷ ምርቃት ስታወርድ፣ እኔ የማታውን ምርቃና ስቆጥር።
ከምርቃናው በኋላ ጨብሲ፤ ማብረጃ ተብሎ የተጀመረ፤
ኋላ ጫቱ ቀረ። ጨብሲውም ቀረ፤
ያኛው ከእኔ፣ ይኼኛው ከእኔ ጋር።

ሃያ ሁለት ዓመት ብረት የጠረብኩ፣ ቶርኖ ላይ፣
ፀጉር የምታህል ስህተት የማላሳልፍ፣ በጣቴ ዳስሼ የማይ፤
የአረቄውን ብርጭቆ "መለኪያ" ያለው ሰው ግን ማነው?
ስንቱን ለካሁበት፤ ልኬን ያጣሁት በእሱ ነው።

ባለፈው ወር ልጄ ሚልካ፣ የደብተር ቦርሳዋ ተተርትሮ
መርፌና ክር ይዛ መጣች። ሞከርኩ፤ ክሩ የመርፌውን ዓይን ዞሮ፣ ዞሮ...
አልሳቀችብኝም። ተቀበለችኝ፤ ክሩን በምላሷ አርጥባ
ራሷ አስገባችው። ከዚያ አየችኝ። እኔ የት ልግባ?

ይኸው ገባሁ።
ለሙክታር መቶ ብር ሰጥቼ፣ መልሱን ሳልጠብቅ ወረድኩ እንጂ
ሃምሳ ብር ጨብጬ በር ላይ ብቆም፣ እግሬ አልነበረም ለእኔ ወዳጅ።

ሲስተር ኢፍቱ ቅጹን ሞላች፦ ኢሳያስ ጉልላት፣ አርባ ስድስት ዓመት።
"ያመጣህ ሰውስ?" ብላ ከትከሻዬ ኋላ አየች፤ በሩ ላይ ያለችው አንዲት ድመት።
እዚህ ሰው ሲመጣ፣ ሁለት አጎት ግራና ቀኝ ይዘውት ነው፤
አንዳንዱ በገመድ። "ማንም" አልኳት። "'ማንም' አይጻፍም፤ መዝገብ ቤት ስም ነው የሚፈልገው።"
ብዕሩን ሰጠችኝ። ስሜን ደገምኩት፤ ያው ኢሳያስ፣ ያው ጉልላት፤
ፊደሉ ጎርፍ እንዳለፈበት አጥር ተጋደመ። ከሥሩ "ዝምድና" ይላል፤ ባዶ ተውኩት።

ሦስተኛውን ሌሊት አልናገርም። ጎርፉ መጣ፤ ይኸው ነው።
ኢፍቱ ነበረች ተረኛ፤ ክንዷ ላይ የቀረው ሰንበር የእኔ ጣት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሙክታር መጣ፤ ማንጎ በፌስታል፣
በሌላ እጁ ሃምሳ ብር። "አቦ፣ ሰው መልሱን ትቶ ይወርዳል?"
የሆስፒታሉን ፒጃማ አየ፤ እጄን አየ፤ አልተገረመም።
አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ማንጎውን በጥርሱ ላጠ፤ ለጊዜው ምንም አላለም።
ቆይቶ፦ "ያ የምታውቀው ሰውዬስ?" አለ፤ "ተሻለው?"
"እርግጡን ልንገርህ" አልኩት፣ "ብዙም አላውቀው።
መልሱ ግን
አንተ ጋ ይቆይ፤ ለጊዜው።"