የካርቶኑ ቀስት

ቫልዲቪያ ላይ ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ቀጠሮ አያውቅም፣
ከወንዙ ማዶ ይጀምራል፣ ወዲህ ሲደርስም አያልቅም።
በዓሣ ገበያው ደረጃ የባሕር አንበሶች ያጓራሉ፤
ከእነሱ ሌላ በዚህ ከተማ መራስ የሚወዱ የታሉ?

እኔ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ነኝ፤ ሁለት ቁልፍ አለ ባንገቴ፣
አንደኛው የቀን፣ አንደኛው የማታ፤ ለሁለት ተከፍሏል ሕይወቴ።
ቀን ልጆች ኳስ ይመታሉ፣ ወለሉ ይጮሃል በጫማ፤
ማታ ሠላሳ ፍራሽ አነጥፋለሁ በዚያው በኳሱ አውድማ።
ማዘጋጃ ቤቱ ስም አውጥቶለታል፦ «የድንገተኛ መጠለያ»።
እኔ ግን ሰዎቹን ካቻምናም አውቃቸዋለሁ።
ምኑ ነው ድንገተኛው?

ከግድግዳው ላይ ክብ አለ፣ መምህርት ማይራ የሠራችው፣
ከወተት ካርቶን ቆርጣ፣ ለአራት ከፍላ፣ በጠመኔ የቀባችው።
በጋ ቢጫ፣ መኸር ቀይ፣ ጸደይ አረንጓዴ ለብሶ፣
ክረምት ግራጫ፤ ከመሐል ቀስት፣ አንድ የመርፌ ቁልፍ ተንተርሶ።

«ልጆች፣ አሁን የት ላይ ነን?» «ክረምት!»
«ክረምትስ ምንድን ነው?»
«ምድጃ ነው» አለ ኦክታቪዮ። «ትኩስ ሾርባ» አለች ዳማሪስ።
«አያቴ ካልሲዬን ምድጃው ላይ ሰቅላ፣ መቃጠሉ ሲሸተን ድረስ» አለች ሊዌን።
ሥዕላቸውንም አየሁት፤ ሃያ ሁለት ወረቀት ሙሉ፣
ዝናቡን ሁሉም የሳሉት ከመስኮቱ ወዲህ ሳሉ።

ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ወደ ውስጥ የሚያይ የለም።

ማታ አንድ ሰዓት በሩን ከፍቼ ስማቸውን እጽፋለሁ።
ዶን ኤለውቴሪዮ ሁሌም መጨረሻ ነው፤ እጠብቀዋለሁ።
ድሮ ጀልባ ጠራቢ ነበር፤ እጁ ዛሬም እንጨት ይመስላል፤
እርጥብ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅጥቆ ከራስጌው ሥር ይሸጉጣል።
ከዚያ ክቡ ፊት ይቆማል፣ እንደ ሰዓት ሠሪ አጎንብሶ፣
ስንት ቀን እንደቀረው ይቆጥራል፣ ጣቱን ከቀለሙ አድርሶ።

ሌሊት ሳል ከሳል ይቀባበላል፤ ቅብብሎሽ ነው እንደ ኳስ።
ሩፊና በእንቅልፏ ሰው ትለምናለች፦ «በሩን ዝጋው፣ ገባ ነፋስ።»
የትኛውን በር እንደሆነ ማንም አይጠይቃትም።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «መጠለያው ለክረምት ብቻ ነው፤
ጸደይ በገባ በሳምንቱ፣ ፍራሹ ተቆጥሮ ይመለስ።»

መስከረም ጠባ። ልጆቹ ቀስቱን አረንጓዴው ላይ አሳረፉ፣
አጨበጨቡ። ከውጭ ግን ቦዮቹ እስካፋቸው ጎረፉ።
በማግስቱ ሲገቡ፣ ቀስቱ ግራጫው ላይ ተኝቷል።
«ነፋስ ነው» አለች ዳማሪስ።
«አይጥ ነው» አለ ኦክታቪዮ፤ «አይጥ ካርቶን ይወዳል።»
ደግመው ገፉት። ደግሞ ተመለሰ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ።
መምህርት ማይራ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ቁልፎቼ ላይ ባከነ።

እኔ መጥረጊያዬን ያዝሁ፤ አይጥ መኖሩንም አልካድሁም።
በካልሲው ብቻ፣ ሌባ መስሎ፣ ሲሄድ ያየሁትን አልነገርሁም፤
ቀስቱን በአንድ ጣት፣ የሰው ሕፃን እንደሚነካ፣
ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ሲመልሰው፣
ከዚያም ብርድ ልብሱን ተከናንቦ
ሲያንኮራፋ፣ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው።

አርብ ዕለት የጭነት መኪናው መጣ።
ሠላሳ ፍራሽ፣ ሠላሳ ብርድ ልብስ፣
ሃያ ዘጠኝ ትራስ።
ፈርሜ አስረከብሁ።
ዶን ኤለውቴሪዮ ኮፍያውን አነሣልኝ፣ ወንዙን ይዞ ወረደ፤
ካፖርቱ በስተግራ አብጦ ነበር። አልጠየቅሁትም። ሄደ።

ሰኞ ልጆቹ ገቡ። አዳራሹ የኳስ ብቻ ነው።
ቀስቱ ግን ግራጫው ላይ ነበር።
«አይጡ አልሄደም!» አሉ ተሳስቀው።
ማይራ ወደ መስኮቱ አየች፤ መስታወቱን ውሃ ያጥበዋል።
«ተዉት» አለች፣ «ዛሬስ ልክ ነው። ደብተር አውጡ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣
ጣቴ ላይ የቀረውን ግራጫ ጠመኔ
ሽርጤ ላይ ጠረግሁ።